ዋንዛና ማግኔት

በልክ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ከሱቅ ተገዝቶ ከሚመጣው የሚለየው በጥራቱ ወይም በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ሳያምር ሲቀር ጥፋቱ የሚላከክበት ፋብሪካ የሌለው በመሆኑም ይለያል። ከሱቅ የገዛ ሰው አምራቹን ይወቅሳል፤ አሠርቶ የያዘ ሰው ግን እንጨቱን የመረጠው፣ ቆዳውን ያስወጠረው፣ ድምፅ ተቀባዩ ፒክአፕ እዚህ ይቀመጥ ብሎ ጣቱን የቀሰረው ራሱ ስለሆነ፣ መሣሪያው ሲያንቋርር ወይ ዝም ይላል ወይም በአየሩ ያሳብባል። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ አየሩ እንዲህ ያለውን ክስ የመሸከም የቆየ ልምድ አለው፤ ብርዱም፣ ጉሙም፣ የክረምቱ እርጥበትም ከበቂ በላይ ስለሆነ በሐሰት ተከሰሰ ለማለት ያስቸግራል።

እዚህ የሚነሣው መሣሪያ ቤዝ ክራር ነው። ክራር፣ እንደሚታወቀው፣ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው፣ ከሥሩ በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው ወደ ላይ የሚቆሙ ሁለት ምሰሶዎችና በምሰሶዎቹ ላይ የሚጋደም ቀንበር ያሉት መሣሪያ ሲሆን፣ አውታሮቹ ከቀንበሩ ተነሥተው ብርኩማ በሚባለው ትንሽ የእንጨት መደገፊያ ላይ አልፈው ከገበቴው ግርጌ ይታሰራሉ። ቤዝ ክራር የዚሁ መሣሪያ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘመድ ነው፤ አውታሮቹ ይወፍራሉ፣ ገበቴው ይሰፋል፣ በባህል ባንድ ውስጥም ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጎን ተሰልፎ ቤዝ ጊታር በዘመናዊው ባንድ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ከታናሽ ወንድሙ የሚለይበት ዋነኛ ጠባዩ ያለ ኤሌክትሪክ ከጥቂት ክንድ ርቀት በላይ አለመሰማቱ ነው፤ ስለዚህም ቤዝ ክራር አሠራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው፣ ፈለገም አልፈለገ፣ ከአናጺና ከቆዳ ሠሪ ቀጥሎ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር መተዋወቁ አይቀርም።

ቤዝ ጊታር በዓለም ገበያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1951 ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ ፕሪሲዥን ቤዝ ያለውን፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ፣ ከወፍራም ሳንቃ የተጠረበ መሣሪያ ካቀረበ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ የሆቴልና የምሽት ክበብ ሙዚቃ በደመቀበት ዘመን ይህንኑ መሣሪያ በዋልያስ ባንድ መላከ ገብሬ፣ በአይቤክስና ኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ተጫውተውበታል። ዋልያ በዓለም ላይ በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚገኝ የዱር ፍየል ሲሆን፣ አይቤክስም ፈረንጆች የዚያኑ ፍየል ወገን የሚጠሩበት ስም ነው። ከኢትዮጵያ ስመ ጥር ባንዶች ሁለቱ በአንድ የደጋ እንስሳ ስም ሲጠሩ የደባርቅ ሰው የስም ኪራይ አልጠየቀም፤ በምትኩ አንድ ቤዝ ጊታር እንኳ እንደ ገጸ በረከት አልወጣለትም። ይህ ቅሬታ በየትኛውም ሸንጎ ቀርቦ አያውቅም፤ ቢቀርብ ግን ተከራካሪ የሚያጣ አይመስልም።

የባህል መሣሪያዎቹም በበኩላቸው ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በየአገሩ ለየብቻቸው ይጫወቱ የነበሩ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተሰበሰቡ፤ ተሰብስበው ሲሰሙም ቀጭን ድምፅ የሞላው፣ ወፍራም ድምፅ ግን የሚጎድለው ማኅበር መሆኑ ለጆሮ የሚሰወር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንደ መሰለ አስማማው ያሉ ተጫዋቾች ክራርን በኤሌክትሪክ አስተጋብተው በአውሮፓ መድረኮች አሰምተዋል፤ በለንደን የተቋቋመው ክራር ኮሌክቲቭም ስሙን ያገኘው ከዚሁ መሣሪያ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ቤዝ ክራር የሚያሠራ ሰው እንግዲህ አዲስ ነገር ፈጠረ አይባልም፤ የሚፈጥረው ነገር ቢኖር በቤተ ዘመዱ መካከል ክርክር ነው።

ክርክሩ የሚነሣው በእንጨቱ ምክንያት ነው። በሰሜን ግርጌ ስለ እንጨት አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ገበሬው ለሞፈር የሚሆነውንና ለቀንበር የሚሆነውን ከሩቅ ይለያል፣ እናት ለሙቀጫ የሚሆነውን ታውቃለች፣ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪው ለከበሮ የሚሆነውን ያውቃል፣ እረኛው ለዱላ የሚሆነውን ገና ልጅ ሳለ ተምሯል። አንድ ወጣት ቤዝ ክራር ሊያሠራ ነው የተባለ እንደሆነ እነዚህ ሁሉ ሊቃውንት ሳይጠሩ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም ለመሣሪያው የሚበጀው ለራሱ ሥራ የበጀው እንጨት መሆኑን በማያጠራጥር ቃል ይመሰክራል።

አብዛኛው ድምፅ ለዋንዛ ነው። ዋንዛ ቡናማ ልብ ያለው፣ ለመጥረብና ለመቦርቦር የሚታዘዝ፣ በቶሎ የማይሰነጠቅና ምስጥ የማይደፍረው ዛፍ ስለሆነ፣ የከበሮው ግንድ፣ የሊጡ ገበቴ፣ የቤቱ በርና የንብ ቀፎው ሳይቀር ከእሱ ሲሠራ ኖሯል። ውጭ አገር ቤዝ ጊታር ሠሪዎች ለአካሉ የሚመርጡት አልደር የተባለው እንጨት በክብደትም በልስላሴም ከዋንዛ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ የደባርቅ አናጺ የአሜሪካ መጽሔት ሳያነብ የደረሰበት ውሳኔ የሚናቅ አይደለም። ለገበቴው ዋንዛ መምረጥ ትክክል ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ስብሰባ አያስፈልግም ነበር።

ወይራ የሚደግፈው ወገን ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ወይራ ክብደቱ ከውኃ ጋር የሚቀራረብ፣ ጥርብ ሲሆን የሚያብረቀርቅ፣ መጥረቢያ የሚያደነቁር እንጨት ነው፤ ከእሱ ገበቴ ቢሠራ የተጫዋቹን ጉልበት ከመስበር የሚያግደው ነገር የለም። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ሲቃኙ አንድ ላይ የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ያህል ይስባሉ፤ ቤዝ ክራርም ከዚህ ያነሰ ቢሆን እንጂ ቀላል ያልሆነ ስበት ስለሚሸከም፣ ቀንበሩና መቃኛዎቹ ከማይጎብጥ እንጨት ቢሠሩ ይገባል። ስለዚህ ገበቴው ዋንዛ፣ ቀንበሩ ወይራ የሚለው ፍርድ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል፤ ምንም እንኳ የወይራው ወገን ከእንዲህ ያለ ዕርቅ በኋላ ለሳምንት ያህል ቢያኮርፍም።

ጥድ ሽታው ደስ የሚል፣ ሲሰነጠቅ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚታይ ዛፍ ነው፤ ለምሰሶ ያገለግላል፣ ለገበቴ ግን መሰንጠቁ ያሠጋል። ኮሶ ቀላ ያለ ቡናማ እንጨት ያለውና ለቤት ዕቃ የሚመረጥ ዛፍ ቢሆንም፣ ስሙን የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚያስበው በልጅነቱ በግድ የጠጣውን መድኃኒት ስለሆነ፣ ከእሱ የተሠራ መሣሪያ ለሠርግ ሲቀርብ እንግዳው ዘፈኑን ከመስማቱ በፊት ፊቱን ሊያኮሳትር ይችላል። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ወዲህ ደባርቅንና ዳባትን ከበብ አድርጎ የያዘ፣ ርካሽና ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም በሌሊት ሲፈነዳ ቤተሰብ ይቀሰቅሳል። ዛሬ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ቀንበር ከነገ ወዲያ የትኛውን አቅጣጫ እንደሚይዝ የሚያውቅ አናጺ የለም፤ ዐውቃለሁ የሚል ካለ ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ ነው።

ከደባርቅ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አስታ የሚባለው ዛፍ ጢም የመሰለ ሽበት አንጠልጥሎ ይታያል፤ የዚሁ ዛፍ ሥር በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የትንባሆ ፒፓ የሚሠራበት ስለሆነ ጠንካራነቱ የተመሰከረ ነው። ከዚያ ከፍ ሲሉ ጅብራ ይገኛል፤ ከሩቅ ሲያዩት ለምሰሶ የተፈጠረ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት፣ እንጨት ለመባል የሚያበቃ አካል የሌለው ተክል መሆኑ ይታወቃል። የሁለቱም ክርክር በሕግ የተዘጋ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተከልሎ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጥሮ የቆየ ስለሆነ፣ ለክራር ምሰሶ ብሎ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ ሰው ከጠባቂ ስካውቶቹ ጋር የሚያደርገው ጭውውት ስለ ሙዚቃ አይሆንም። ከፓርኩ ውጭም ቢሆን ነገሩ ልቅ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ጥድንና ዝግባን ጥበቃ ከሚገባቸው ዛፎች መካከል በስም ጠርቷቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚያደርሰው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ጓዳ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ለመሣሪያ እንዲሆን በጥላ ሥር ለብዙ ወራት መድረቅ ስላለበትና ጥሩ ዛፍም እንደ ልብ ስለማይቆረጥ፣ ብልህ አሠሪ ዓይኑን የሚጥለው አስቀድሞ በደረቀ እንጨት ላይ ነው፤ ከፈረሰ ጎጆ የወጣ ምሰሶ፣ ለዘመናት ጭስ የጠገበ የቆጥ ወጋግራ፣ ያረጀ የዋንዛ በር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናቱ ሊጥ የምታቦካበት ገበቴ። እንጨት ለሠላሳ ዓመት ከምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ የሚቀረው እርጥበት ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ አይጣመምም፤ ለመሣሪያ ከዚህ የተሻለ ሊገኝ አይችልም። ችግሩ ገበቴው ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። «ልጄ፣ ለአንተ ሙዚቃ ብዬ በፕላስቲክ አላቦካም» የሚል መልስ ከእናት ከመጣ፣ የድምፅ ሳይንስ በዚያ ያበቃል። ብዙዎች መጨረሻቸው ከገበያ የብረት ሳህን ገዝተው ቆዳ መለበጥ ነው፤ በዚህም አያፍሩም፣ ምክንያቱም የከተማ ክራር ሠሪዎች የብረት ሳህን በገበቴ ፋንታ መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል።

በእንጨት የተነሣ የሚጨነቀው ግን የደባርቅ ሰው ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለቤዝ ጊታር አካል ይመረጥ የነበረው አሽ የተባለ ዛፍ ከእስያ በገባ አረንጓዴ ጥንዚዛ ስለተመታ፣ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን እንጨት ከአብዛኛው ምርቱ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ለጣት ሰሌዳ፣ ማለትም ክሮቹ በጣት ለሚጫኑበት ቀጭን ጣውላ፣ የሚውለው ሮዝውድ ደግሞ ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ በዓለም አቀፍ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለዋለ፣ ጊታር ድንበር አሻግረው የሚሸጡ ሰዎች ከደረሰኛቸው በተጨማሪ የእንጨታቸውን የትውልድ ሐረግ የማስረዳት ግዴታ ወደቀባቸው፤ ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ነጻ የወጡት በ2019 መጨረሻ ነው። የሚያስገርመው ከዚሁ የሮዝውድ ቤተሰብ የሆነውና የአውሮፓ ክላሪኔትና ኦቦ የሚሠራበት ጥቁር እንጨት በኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ቆላ የሚበቅል መሆኑ ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለው ቆላ ከሰል አድርጎ የሚያነደው እንጨት በፓሪስ ኦርኬስትራ ውስጥ የሚነፋው እንጨት ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሰል ሻጩ ይህን ቢሰማ ዋጋ ከመጨመር ውጭ የሚለውጠው ነገር መኖሩ ያጠራጥራል።

አሁን ጥያቄው፣ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የተደረገበት እንጨት ለድምፁ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ነው። ውስጡ ያልተቦረቦረ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርን በተመለከተ መልሱ የእንጨት ወዳጆችን አያስደስትም፤ በማግኔት የሚሠራ ፒክአፕ የሚከታተለው የክሩን እንቅስቃሴ እንጂ የሳንቃውን ስላልሆነ፣ እንጨቱ ድርሻ ቢኖረው እንኳ በተዘዋዋሪ፣ የክሩን ንዝረት በመጠኑ በመምጠጥ ወይም ባለመምጠጥ ብቻ ነው። ቆዳ የተለበጠ ክራር ጉዳይ ይለያል፤ በዚያ ላይ አየርን የሚያናውጠው ቆዳው ነው፤ ብርኩማው የአውታሩን ንዝረት ለቆዳው ያደርሳል፣ ቆዳው ይርገበገባል፣ ገበቴው ደግሞ ውስጡ ያለውን አየር ይዞ ድምፁን ያጎላል። ስለዚህ ከእንጨቱ ይልቅ የፍየሉ ዕድሜ፣ የቆዳው ውፍረትና አወጣጠሩ ድምፁን ይወስናሉ። ቀጭን የጥቦት ቆዳ ጥርት ያለ፣ ወፍራም የላም ቆዳ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ለቤዝ ወፍራሙ ይሻላል፣ ቢሆንም ከልክ በላይ ከወፈረ መሣሪያው እንደ ቤት ዕቃ በማዕዘን ከመቆም ያለፈ ጥቅም አይኖረውም። ይህ ከሆነ ዘንድ ለእንጨቱ የተደረገው ስብሰባ ለፍየሉ ቢደረግ ኖሮ በተሻለ ነበር፤ ስለ ፍየል ግን የደባርቅ ሰው የሚሰበሰበው ለሌላ ጉዳይ ነው።

ከቆዳው የሚቀድም አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አውታሩ። ፈረንሳዊው ቄስ ማሪን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ የአውታር ድምፅ በርዝመቱ፣ በስበቱና በክብደቱ የሚወሰንበትን ሕግ አስፍሯል። በዚህ ሕግ መሠረት የአንድን አውታር ድምፅ በአንድ ስምንትዮሽ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ ወደ ታችኛው ዶ ለማውረድ፣ ወይ ርዝመቱን እጥፍ ማድረግ፣ ወይም ርዝመቱና ስበቱ እንዳለ ሆኖ ክብደቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የክራር ምሰሶ በእጥፍ ቢረዝም ተጫዋቹ ከበሩ ጎንበስ ብሎ ስለማይገባ፣ የሚመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ በዚያም ላይ የቤዝ ጊታር ክር 86 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚወጠርበት ሥፍራ የቤዝ ክራር አውታር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያጠረ ስለሆነ፣ ማጠሩን ለማካካስ በብረት ላይ ሌላ ሽቦ የተጠቀለለበት ክር መጠቀም ግድ ይላል። በገና እንኳ በዐሥር የጅማት አውታሮቹ ያንን ጥልቅ ድምፅ የሚያወጣው ቁመቱ ስለረዘመና እንዚራ የሚባሉት ትናንሽ ቆዳዎች አውታሩን እየነኩ እንዲያንጎራጉር ስለሚያደርጉት ነው። የደብሩ መሪጌታ ይህን ሁሉ ሲሰሙ፣ «እንዲያው ለምን በገና አይማርም?» ማለታቸው ከእውነት የራቀ ምክር አይደለም፤ በዐቢይ ጾምም ክራሩ ተሰቅሎ በገናው ስለሚወርድ ወጣቱ በዓመት ቢያንስ 55 ቀን ሥራ አይፈታም ነበር።

ወደ ፒክአፑ ሲደረስ ደግሞ የቤተ ዘመዱ ዕውቀት በድንገት ይነጥፋል፤ ይህም ለአሠሪው የመጀመሪያው ዕረፍት ነው። ፒክአፕ የአውታርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ ሲሆን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በማግኔት ላይ በብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ብረት የሆነ አውታር በላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ስለሚያወዛውዝ፣ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ፒክአፕ የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። የናይለን፣ የጅማት ወይም የፈረስ ጭራ አውታር በላዩ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢመታ ከስፒከሩ አንዳች አይወጣም፤ ስለዚህ ውድ ማግኔት አስመጥቶ በማሲንቆ ላይ የገጠመ ሰው ቢኖር፣ የገዛው ዝምታ ነው። ፈረሱ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ማግኔት ለፈረስ ጭራ አያደላም።

ሁለተኛው ፒዬዞ የሚባለው ነው። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አወቁ፤ ፒዬዞ ፒክአፕም በዚሁ መንገድ ከብርኩማው ሥር ወይም ከቆዳው ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን ራሱን ይሰማል፤ አውታሩ ብረት ይሁን ጅማት ግድ የለውም። ጉዳቱ ሁሉን መስማቱ ነው፤ የጣቱን ግጭት፣ የተጫዋቹን ቁልፍ፣ የገበቴውን ኳኳታ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማል። ስፒከሩ ቆዳውን ሲያርገበግበው ፒዬዞው ያንን ለስፒከሩ ያቀብላል፣ ስፒከሩም አጉልቶ ለቆዳው ይመልሳል፤ በዚህ ምልልስ አዳራሹ በጩኸት ይሞላና ሙሽራይቱ ጆሮዋን ትይዛለች። ቤዝ ክራር በትልቅ ስፒከር ፊት ለፊት የሚመታ መሣሪያ ስለሆነ፣ ለብረት አውታር ማግኔቱን መምረጥ ይሻላል፤ የሚገጠመውም በቆዳው ላይ ሳይሆን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል በሚጋደም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ነው። ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ድምፁ ይደርቃል፣ ሲርቅ ይወፍራል፤ ለቤዝ ራቅ ያለው ይመረጣል።

ማግኔትም በበኩሉ አንድ ነውር አለበት፤ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ከሆነ የቤቱን የመብራት መስመር ሳይቀር ይሰማና ያንጎራጉራል። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ፣ በሙያው አነጋገር 50 ኸርዝ የሆነ ኤሌክትሪክ ነው፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ያህል የሆነውን ሚ፣ በጣት ሰሌዳው ሦስተኛ መለያ ብረት (ፍሬት) ላይ ሲያዝ ደግሞ 49 ኸርዝ የሆነውን ሶል ይሰጣል። መብራቱ እንግዲህ ከሶል በጥቂቱ ከፍ ያለ ድምፅ ያለማቋረጥ ይዞ የሚኖር ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ቅኝቱ ትንሽ የተዛባ ቢሆንም አይደክመውም፣ ክፍያም በወር በወር ያስከፍላል። በአሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ወደ ሲ ይጠጋል፤ ስለዚህ በሁለቱ አገሮች ያሉ ቤዝ ተጫዋቾች የሚታገሉት የተለያየ ኖታ ነው። በደባርቅ መብራት ሲጠፋ ይህ ጉርምርምታ በአንዴ ጸጥ ይላል፤ አብሮት ስፒከሩም ጸጥ ስለሚል ግን ደስታው ምሉዕ አይሆንም።

መድኃኒቱ ሀምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ነው። የጊብሰን ባልደረባ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ይህ ዕቃ፣ ሁለቱን ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ጠቅልሎ ማግኔቶቻቸውንም በተቃራኒ ስለሚያደርግ፣ ከመብራቱ የሚመጣው ድምፅ በሁለቱ ውስጥ ተቃርኖ ይጣፋል፣ የአውታሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ፌንደርም በ1957 ለፕሪሲዥን ቤዝ ፒክአፑን ለሁለት ከፍሎ በዚሁ ዘዴ ጉርምርምታውን አስወግዶታል። ለቤዝ ክራር ከእነዚህ አንዱን፣ በተለይ አሮጌ ሆኖ ከተሰበረ ቤዝ ጊታር የወጣውን መግጠም ርካሹም የተሻለውም መንገድ ነው። አንዳንዱ አሠሪ በዚህ ላይ ድምፅ አጉሊ ትንሽ ሰርኪዩት ጨምሮ በ9 ቮልት ባትሪ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ባትሪው የሚያልቀው ዘወትር ሚዜዎቹ ሊጨፍሩ በተነሡበት ሰዓት መሆኑ በልምድ የታወቀ ነው።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፤ መሣሪያው የሚታሰበው ከአውታሩ ተነሥቶ ነው፣ አውታሩ ፒክአፑን ይወስናል፣ ውፍረቱ ደግሞ ቀንበሩ ምን ያህል ጽኑ መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ ቆዳው ቀጥሎ ይመጣል፣ የገበቴው እንጨት ከሁሉም በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜን ግርጌ መጀመሪያ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፤ ምክንያቱም የሚታየው፣ የሚዳሰሰው፣ ሁሉም አስተያየት የሚሰጥበትና ለእንግዳ ሲያሳዩት «የአያቴ በር ነበር» ሊባልለት የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ፒክአፕ የአያት ሊሆን አይችልም።

ከተሠራም በኋላ ቢሆን የአየሩ ነገር አለ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ በክረምት ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ብርኩማው ወደ ታች ይሰምጣል፣ አውታሩም ስለሚረግብ ትዝታ ብሎ የተጀመረ ዘፈን ሲያልቅ የትኛው ቅኝት እንደሆነ አይታወቅም። ተጫዋቾች ስለዚህ ከመምታታቸው በፊት ቆዳውን ለእሳት ወይም ለፀሐይ ያሞቁታል። በአንጻሩ መሣሪያው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ቆላ ሲገባ ቆዳው ይደርቃል፣ ይወጠራል፣ ድምፁም ይወጣል፤ በጥብቅ ተወጥሮ የወረደ ቆዳ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹን ማላላት ያስፈልጋል። ሹፌሩ ለመቃኘት ሲባል አይቆምምና ይህን ደባርቅ ላይ ጨርሶ መሳፈር ይገባል።

በጥር ለሚሆን ሠርግ ቤዝ ክራር የሚያሠራ አንባቢ ካለ፣ ቆዳውን በክረምት አያስወጥር፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ቆዳው በአገሩ ደረቅ አየር እየደረቀ ይወጠር። ሁለት ትርፍ ባትሪም ከጎንደር ይዞ ይውጣ።